በፀጉር ቤቱ ጓዳ ሳጠና

ሰኞ፣ የካቲት 3

የተማሪዎች ማደሪያው ጣሪያ አፈሰሰና ወደየቤታችን ተበተንን። የክፍል ኃላፊያችን በስልክ መልእክት ላከችልን። የመጨረሻ ዓመት ተማሪዎች እስከ ፈተናው ድረስ ቤታችሁ ሆናችሁ አጥኑ ትላለች። ከሥሩ ምክርም ጨምራበታለች። ለጥናት የተለየ ጸጥ ያለ ቦታ ያዙ፤ በየሰዓቱ ተነስታችሁ ተንጠራሩ፤ እንቅልፍ አትቀንሱ፤ በእግራችሁ ወጣ በሉ፤ ከሰው ጋር ተጨዋወቱ።

ጸጥ ያለ ቦታ! የእታለም ቤት ሁለት ክፍል ነው። የፊተኛው ፀጉር ቤት፣ የኋለኛው ጓዳ። በመሃል በር እንኳ የለም፤ መጋረጃ ነው። አልጋውም አንድ ነው፤ አብረን ነው የምንተኛው።

እታለም ታላቅ እህቴ ናት። በአሥራ አራት ዓመት ትበልጠኛለች። እናታችን ከሞተች ወዲህ ያሳደገችኝም ያስተማረችኝም እሷ ናት። ሻንጣዬን እየጎተትኩ ስገባ አንዷን ደንበኛ እያበጠረች ነበር። "ዶክተሯ መጣችልኝ!" ብላ ጮኸች። ዶክተር አይደለሁም። የምማረው ፊዚዮቴራፒ ነው። ነግሬያት ነግሬያት ደክሞኛል። "ያው ሰው አይደል የምታድኚው" ትለኛለች።

ረቡዕ፣ የካቲት 5

ፎን። ፎን። ፎን። ከፀጉር ማድረቂያው ጩኸት በላይ ለመሰማማት ደንበኞቹ ይጮሃሉ፤ ፎኑ ሲጠፋ ደግሞ ድምፃቸውን መቀነስ ይረሳሉ። ከጠዋት ጀምሮ የጉልበት ጅማቶችን ብቻ ነው ያነበብኩት። የዳቦ ቤቱ ባለቤት ከሚስቱ ጋር እንደማይነጋገር ግን ከነምክንያቱ አውቄያለሁ።

ዓርብ፣ የካቲት 7

መጋረጃው ላይ ወረቀት ለጠፍኩ። "ፈተና አለብኝ። እባካችሁ አትጥሩኝ።" በደማቅ ቀለም።

የጫማ ሱቋ ሴትዮ መጣች። ሳምንቱን ጠብቃ ዓርብ ዓርብ የምትመጣ ናት። ለሁሉም ነገር መድኃኒት ስለምታውቅ በልቤ ወይዘሮ መፍትሔ ብያታለሁ። ወረቀቱን ጮክ ብላ አነበበችው።

"የት ሆና ነው የምታጠናው?" አለች።

"አልጋው ላይ" አለች እታለም።

"አልጋ ላይ! መጀመሪያ የመቀመጫዬን አለች ዝንጀሮ። ወንበር ስጫት እንጂ!"

"ወንበሩማ ካንቺ ሥር ነው።"

ተሳሳቁ። እኔም ከመጋረጃው ወዲህ ሳቄ ሊያመልጠኝ ነበር፤ ግን ከሳቅሁ እንደሰማሁ ያውቃሉ፤ ከሰማሁ ደግሞ እያጠናሁ አይደለም ማለት ነው።

ሰኞ፣ የካቲት 10

"ሚጡዬ፣ ይቺን ክዳን ክፈችልኝ።" ተነሳሁ። ተቀመጥኩ። "ሚጡዬ፣ ሽርጤን ከኋላ እሰሪልኝ።" ተነሳሁ። "የሻምፖውን ጀሪካን አንሺልኝ።" ወረቀቱ ምን ይላል? አትጥሩኝ ይላል! ደግሞ የሃያ አምስት ዓመት ሴት ሚጡ ተብላ ትጠራለች?

አውቄባታለሁ። የኃላፊዋን መልእክት ስልኬ ላይ አይታዋለች፤ በየሰዓቱ ተነሱ የሚለውን። በሰበብ ልታስነሳኝ ነው። ዕድሜዋን ሙሉ ክዳን ስትከፍት የኖረች ሴት ዛሬ ክዳን አቃታት?

"እታለም፣ ተዪኝ በእናትሽ" አልኳት። "እሺ እሺ" አለች። ከዚያ በኋላ አልጠራችኝም። አንዷን ደንበኛ ክዳን ስታስከፍት ግን ሰማኋት።

ሐሙስ፣ የካቲት 13

ቀን ካልተቻለ ሌሊት አጠናለሁ፤ ቀን እተኛለሁ አልኩ። ፎን ሥር የተኛ ሰው ካለ ይንገረኝ። አሁን ቀንም ሌሊትም የማልተኛ ሆኛለሁ። ምሳዬ እንደተከደነ ነው። ሻይ ጠጥቻለሁ። ብዙ ሻይ።

ቅዳሜ ማታ፣ የካቲት 15

ቅዳሜ የገበያ ቀን ነው፤ ሰው ግጥም ብሎ ዋለ። ከሰዓት በኋላ ፎኑ ወለሉ ላይ ወደቀ፤ ጓ! ከአልጋው ተስፈነጠርኩ። "ይቅርታ፣ ይቅርታ፣ አዳለጠኝ" ትላለች እታለም። ልቤ ሳይመለስ ደግሞ ማበጠሪያው። ከዚያ የፀጉር መጠቅለያው፣ የቢጎዲው ሳህን፤ ቢጎዲዎቹ እየተንከባለሉ እስከ እኔ አልጋ ሥር መጡ። ሆን ብላ ነው እንዳልል አይመስልም፤ ሳታስብ ነው እንዳልል በአንድ ቀን ሦስት ጊዜ! ቆሽቴ አረረ። እዚህ ሰው ለሕይወቱ እያጠና እንደሆነ የሚያስብልኝ የለም።

አሁን ደግሞ እንተኛ ብለን መብራት ካጠፋን በኋላ ተነሳች። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ እጇን ታራግፋለች፤ የታጠበ ጨርቅ እንደሚያራግፍ ሰው። አልጋው ይነቃነቃል።

"ምን ሆነሽ ነው?" አልኳት።

"ደንዝዞኝ ነው። ተኝቼበት ነው መሰለኝ። ተኚ አንቺ።"

ትናንትም እንዲሁ ነበር። የምትተኛበትን ጎን ብትቀይር ምናለ? እኔ እንቅልፍ የሚወስደኝ በስንት መከራ ነው። መብራቱን መልሼ አብርቼ ይኸው እጽፋለሁ። እሷ ተኝታለች፤ ወይም የተኛች መስላለች።

ደግሞ ይቆጨኛል። ቀኑን ሙሉ ቆማ የዋለች ሰው ናት። ነገ ጥሩ ቃል እናገራታለሁ።

ማክሰኞ፣ የካቲት 18

አልተናገርኩም። ባለፈው ሳምንት በስልክ የተፈተንነው የሙከራ ፈተና ውጤት መጥቶ ነበር። ከመቶ አርባ አንድ። ማለፊያው ሃምሳ ነው። ለማንም አልነገርኩም።

ጓደኛዬ ደወለች። ክፍል ውስጥ ሩጫ የምንላት ናት፤ ቀስ ብላ ሄዳ ስለማታውቅ። አላነሳሁም። ደግማ ደወለች። መልእክት ላከች፤ "በሕይወት አለሽ ወይ? የተግባሩን ክፍል በስልክ እየተያየን እንለማመድ።" ስልኩን ገለበጥኩት። አርባ አንድ አመጣሁ ብዬ ልንገራት?

ዓርብ፣ የካቲት 21

ወይዘሮ መፍትሔ ዛሬ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ አወራች። የእሷ ዝቅታ ከሌላ ሰው ጩኸት ይበልጣል።

"ልጅቷ ታማለች እንዴ?"

"ምን ትታመማለች፣ ጥናት ነው።"

"ባለፈው ሽንት ቤት ስትሄድ አይቻታለሁ። ጨለማ ቤት የበቀለ ድንች መስላለች። አትበላ፣ አትተኛ፣ ፀሐይ አታይ። ራስ ሳይጠና ጉተና! ሰው መጀመሪያ ራሱ ይቁም እንጂ።"

"እሷስ እሺ፣ አንቺስ ለምን ረዳት አትቀጥሪም?" አለች ሌላዋ ደንበኛ።

"እሷ ትጨርስልኝ" አለች እታለም። "እሷ ስትጨርስ እጄን አሳርፋለሁ።"

ይኸው! ይኼንን ነው የምፈራው። ሁሉም ነገር እኔ ላይ ነው የተንጠለጠለው። አርባ አንድ ያመጣች ሴት ላይ። ትራሱን ጆሮዬ ላይ ጫንኩት።

እሑድ፣ የካቲት 23

አንገቴ ተያዘ። ወደ ቀኝ አይዞርም። አልጋ ላይ ተጣጥፌ በማንበብ ነው፤ አውቀዋለሁ፤ ምዕራፉን በቃሌ እችለዋለሁ። መልመጃው በሥዕል መጽሐፉ ላይ አለ። ጊዜ የለኝም።

እታለም ፎጣ በሙቅ ውኃ ነክራ አመጣችልኝ። ሳትጨምቀው ነው ያመጣችው፤ ውኃው ማስታወሻዬ ላይ ጠብ ጠብ አለ። "ቢያንስ አትጨምቂውም?" አልኳት። "አልጨመቅ አለኝ" አለች። ፎጣ አልጨመቅ ይላል እንዴ!

ረቡዕ፣ የካቲት 26

የእጅ አንጓን ጨረስኩ። አጭር ምዕራፍ ናት፤ በጣም ቀላል። በአንጓው ውስጥ የሚያልፈው ነርቭ ሲታፈን፦ ሌሊት መደንዘዝ፣ እጅን ማራገፍ፣ ዕቃ ከእጅ መውደቅ፣ ክዳን መክፈት ማቃት፣ ሲቆይ ከአውራ ጣት ሥር ያለው ሥጋ መሟሸሽ። እጃቸው በማያርፍ ሠራተኞች ላይ ይበዛል። አንድም ሳልስት በቃሌ አልኩት። ቢያንስ አንድ ነገር ገባልኝ።

ፎኑ ደግሞ ወድቋል ዛሬ። መሰበሩ ነው በዚህ ዓይነት።

ቅዳሜ፣ የካቲት 29

ክፉ ቀን።

እታለም የአንዷን ልጅ ፀጉር በጋለ ብረት ስትተኩስ ጆሮዋን ነካቻት። ልጅቷ ጩኸቷን አቀለጠችው። ሌሎቹም ተንጫጩ። እኔ የዚያን ጊዜ ስለ አከርካሪ አንድ ገጽ አራት ጊዜ አንብቤ ምንም አልገባ ብሎኝ ነበር። መጋረጃውን ገፍቼ ወጣሁ። ፀጉሬ አልተበጠረም፤ አንገቴ አልዞር ብሎ መላ አካሌን ነው የማዞረው።

"እናንተ ሰዎች!" አልኩ። "አንድ ቀን፣ አንድ ቀን እንኳ ዝም ብትሉ ትሞታላችሁ? አንቺስ እታለም፣ የያዝሽውን የማትይዢው ምን ሆነሽ ነው? እጅ የለሽም?"

ፎኑ ብቻ ይጮሃል። እታለም ብረቱን አስቀመጠች። ለልጅቷ ቅባት ቀባቻት። ምንም አላለችኝም። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ወደ ጓዳ ተመለስኩ። ጸጥታው መጣ። ሰዓታት ጸጥ ብሎ ዋለ። አንድ መስመር አላነበብኩም።

ሰኞ፣ መጋቢት 1

አንነጋገርም። "ምሳ አለ" ትለኛለች። "እሺ" እላለሁ። ያ ነው።

ረቡዕ፣ መጋቢት 3

በዝርዝር ልጽፈው ነው፤ ካልጻፍኩት አልተኛም።

ለተግባር ፈተናው ሰው ላይ መለማመድ አለብኝ። ሩጫን እንዳልጠይቅ አፈርኩ፤ ስልኳን ሳላነሳ ስንት ጊዜዬ! ስለዚህ ማታ፣ ፀጉር ቤቱ ከተዘጋ በኋላ፣ እታለምን ጠየቅኋት። ካኮረፍን ወዲህ የመጀመሪያው ወሬያችን ነው።

"እጅሽን አንዴ ታውሺኛለሽ? ለልምምድ ነው።"

ግራዋን ሰጠችኝ።

"ቀኙን።"

"ግራው ምን አለው?"

"መጽሐፉ ላይ ያለው ቀኝ ነው።" ግትርነቴ ነው እንጂ መጽሐፉስ ለሁለቱም ይሆናል።

ደንበኞች የሚቀመጡበት ወንበር ላይ አስቀመጥኳት፤ እኔ በርጩማ ላይ። ቀኝ እጇን ገልብጬ መብራት ላይ ያዝኩት። ከአውራ ጣቷ ሥር፣ ሥጋው ሞላ ብሎ መታየት ያለበት ቦታ፣ ጎድጉዷል። ግራዋን አመጣሁና አጠገቡ አደረግሁት። የሁለት ሰው እጅ ይመስላል።

"አንጓሽን እንዲህ እጠፊውና ያዢው። እስክልሽ አትልቀቂ።"

ብዙም አልቆየም፤ ከንፈሯን ነከሰች።

"ነዘረሽ?"

"ኧረ ምንም።"

"እታለም።"

"ትንሽ።"

"የትኞቹ ጣቶች?" አሳየችኝ። አውራ ጣት፣ ጠቋሚ፣ መሃል። ልክ እንደ ሥዕሉ።

"ከመቼ ጀምሮ ነው?"

"ምን ያደርግልሻል? አንቺ ጥናትሽን አጥኚ።"

"ከመቼ ጀምሮ ነው አልኩሽ!"

"አንቺ ከመምጣትሽ በፊት ነው። በፊት ሌሊት ብቻ ነበር። አሁን ቀንም ጨመረ። ፎኑን መያዜን በዓይኔ ካላየሁ አላውቀውም።"

"እና ለምን አልነገርሽኝም? ይኼን እኮ ነው የምማረው! ይኼን ነው!"

ወደ መጋረጃው አየች። "አትጥሩኝ ብለሽ ለጥፈሽ የለ" አለችኝ። በነገር አይደለም። አውቶቡስ ስንት ሰዓት እንደሚያልፍ የተጠየቀች ያህል ነው የመለሰችው።

ተናደድኩ። ምን ያህል እንደተናደድኩ! በእሷ፣ በወረቀቱ፣ በመጽሐፉ። ተነስቼ ወረቀቱን ስቀድ አንገቴን ደግሞ ያዘኝና "ዋይ!" አልኩ። እታለም ደንግጣ ተነሳች፤ በዚያች እጇ አንገቴን ልታሽ! "ተቀመጪ!" አልኳት። "አንቺ ተቀመጪ!" አለችኝ። ቆመን ተጯጯህን። ከዚያ ማን ቀድሞ እንደሳቀ አላውቅም። እኔ ግን ከሳቁ በኋላ አለቀስኩ። አርባ አንድ ማምጣቴንም ነገርኳት።

"ከስንት?" አለች።

"ከመቶ።"

ትንሽ አሰበች። "ፎኑ ነው እንዲህ ያረገሽ" አለች።

የእጇን ምልክቶች አንድ በአንድ የጻፍኩባቸውን የዚህን ደብተር የፊት ገጾች ገልጬ ማየት እችል ነበር። አልገለጥኩም።

ዓርብ፣ መጋቢት 5

ጤና ጣቢያ ሄድን። ሐኪሙ ያልኩትን አለ። እጇ ማረፍ አለበት፤ ሌሊት የአንጓ መደገፊያ ታድርግ፣ ቀንም ሥራ ካለ ታድርግ፤ በጥቂት ወራት ካልተሻላት ትንሽ ቀዶ ጥገና ይኖራል። እታለም እጇን ሳይሆን እኔን እያየች ነው ያዳመጠችው። ስንወጣ "እሱ ያለውን አንቺ ቀድመሽ ብለሽ አልነበር?" አለች። አሁን ለከተማው ሁሉ ልታወራው ነው።

በእግር ተመለስን። ለካ ቆይቻለሁ ከወጣሁ። ፀሐዩ ዓይኔን ወጋኝ።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 9

አዲስ ሕግ። ጠዋት ፀጉር ቤቱ ሳይከፈት ደንበኛ ወንበሩ ላይ ተቀምጬ፣ መስታወቱ ፊት ያለውን ጠረጴዛ ይዤ አጠናለሁ። ከዚያ እስከ ምሳ ራስ የማጥበው እኔ ነኝ፤ ፎን የምይዘውም እኔ። እታለም በግራዋ ማበጠሪያ ይዛ ታዝዘኛለች። ከሰዓት ማንም ሳይጠራኝ ጓዳ አጠናለሁ። ማታ እተኛለሁ። የክፍል ኃላፊያችን ምክር ትክክል ሆኖ መገኘቱ ያናድደኛል።

የመጀመሪያዋ ደንበኛ ዓይን ውስጥ ሻምፖ ከተትኩ።

ዓርብ፣ መጋቢት 12

ወይዘሮ መፍትሔን አጠብኳት። ራሷን ወደ ኋላ እንደጣለች ምክሯን ቀጠለች። ለእጅ ሰናፍጭ ማሰር ነው፤ ለአንገት ያለ ትራስ መተኛት ነው፤ ለፈተና ዘቢብ ነው። እጄን ፀጉሯ ውስጥ ይዣት ማምለጫ የለኝም።

"ቀለምሽ ተመለሰ" አለችኝ ስትነሳ።

"ድንችነቱ ለቀቀኝ?"

ክው አለች። "ሰምተሻል?"

"ጎረቤትም ሰምቷል።"

አንገቴ ወደ ቀኝ ዞረ ዛሬ። ቆሜ ስሠራ ነው መሰለኝ የተፈታው።

እሑድ፣ መጋቢት 14

ለሩጫ ደወልኩ። ስድቡን ተቀበልኩ። አርባ አንዱን ነገርኳት። እሷ አርባ አራት ነው ያመጣችው፤ እሷም ለማንም አልነገረችም። ሁለታችንም ደደቦች። የእታለምን እጅ በስልክ እያየች አብረን ተለማመድን። እታለም ሁለት ተማሪ ባንዴ ሲጠያየቅባት ደስ ብሏት፣ ያላመማትንም ያመኛል ማለት ጀመረች።

ረቡዕ፣ መጋቢት 24

መደገፊያውን አታደርገውም! ሰው ፊት ታፍራለች። "ስብራት ያለብኝ ይመስላል፤ ደንበኛ ይሸሻል" ትለኛለች። ሚስማር ላይ ሰቅላው ታጥባለች። ዞር ስል ጠብቃ። ታማሚ እንዲህ እንደሚያቃጥል ማንም አላስተማረኝም። ስንት ዓመት ሙሉ ስለ ጡንቻና ስለ አጥንት ብቻ ነው የነገሩን።

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 9

የጽሑፍ ፈተናው አለቀ። ከባድ ነበር። የአከርካሪውን ጥያቄ ጥዬዋለሁ መሰለኝ። ቤት ገብቼ ልብሴን ሳላወልቅ ተኛሁ፤ እታለም ፎኑን ትታ የሰዎቹን ፀጉር በፎጣ እያሸች አድርቃለች አሉ። በግራዋ ይሁን በቀኟ ለመጠየቅ ፈራሁ።

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 21

ስልሳ ሦስት! ሩጫ ስልሳ አንድ። የቀረው የተግባሩ ነው።

እታለም ለመጣ ለሄደው ሁሉ "ዶክተሯ አለፈች" ትላለች። "ፊዚዮቴራፒስት" አልኳት። "እሱኑ" አለች። "ደግሞ ገና አንድ ፈተና አለ።" "እሱንም" አለች።

ሐሙስ፣ ግንቦት 7

ዛሬ የተግባር ፈተናው ነበር።

ጠዋት እታለም እስከ አውቶቡሱ ሸኘችኝ። መደገፊያውን እኔ ራሴ አስሬላት ነው የወጣነው። አውቶቡሱ ሲነሳ በመስኮት ዞሬ ሳያት፣ በዚያችው በቀኟ፣ እስከ ክንዷ ድረስ እየወዘወዘች ትሰናበተኛለች። መስኮቱን ከፍቼ "በግራሽ! በግራሽ!" ብዬ ጮህኩ። የአውቶቡሱ ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። አንድ ሽማግሌ ወደ ግራ መጠጋት ያለባቸው መስሏቸው ተጠጉ።

ፈታኟ ሽበታም ናት፤ አትስቅም። የደረሰኝ ታማሚ የትከሻ ነው፤ አንድ ጸጉራም ጎረምሳ። ትከሻውን ከመንካቴ በፊት ምን እንደሚሠራ፣ ማታ እንዴት እንደሚተኛ፣ ዕቃ ሲያነሳ ማን እንደሚያግዘው ጠየቅሁት። እየመለሰልኝ ሳለ ፈታኟ መጻፏን አቆመች።

"ከዚህ በፊት ታማሚ ይዘሽ ታውቂያለሽ?" አለችኝ።

"አንድ አለችኝ።"

"እንዴት ናት?"

"አትሰማኝም።"

ያን ጊዜ ብቻ ፈገግ አለች። ወደ ወረቀቷ ጎንበስ ብላ ምን እንደጻፈች አላየሁም።

ከአውቶቡስ ወርጄ ቤት ስደርስ የፀጉር ቤቱ በር ክፍት ነው። ወይዘሮ መፍትሔ ራሷን ወደ ኋላ ጥላ ትታጠባለች። እታለም በሁለት እጇ አረፋው ውስጥ ናት። መደገፊያው ሚስማሩ ላይ ነው።

ስታየኝ ፊቷ በራ። "መጣሽ! እንዴት ነበር? ምን አሉሽ?"

"መጀመሪያ እጅሽን ከዚያ አውጪ።"

"አለፍሽ ወይ? እሱን ንገሪኝ።"

"አውጪ አልኩሽ።"

ወይዘሮ መፍትሔ አረፋውን ካንድ ዓይኗ ጠርጋ ሁለታችንን አየች። የምትሰጠው ምክር የጠፋባት ያኔ ነው።

እታለም አወጣች።